የጎማ ጢስ

አውሮፕላኖቹ መጀመሪያ የመቱት የስልክ መሥሪያ ቤቱን ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ ሊያይ ወጣ፤ እኔም ጅምር ቀሚስ ማሽኑ ላይ ትቼ ሄድኩ። ባለ ሦስት ፎቁ ሕንጻ ወደ ውስጡ ተደርምሶ ቁጭ ብሏል። ከአጠገቡ ካለው ግቢ ግን አንዲት ጡብ አልወደቀችም። የግቢው ባለቤት ያሰጣቻቸው አንሶላዎች አቧራ ለብሰው ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ሰው ተሰብስቦ አንሶላ ያደንቃል! «አየሽ፣ የፈለጉትን ብቻ ነው የሚነኩት» ይለኛል አንድ የማላውቀው ሰውዬ፣ የገዛ ልጁን ሥራ የሚያስጎበኝ ይመስል። ደሜ ፈላ። የሚመታህን ሰው «እጁ አይስትም» ብሎ ማመስገን ምን የሚሉት ነገር ነው? እውነቱን ለመናገር ግን እኔም አንሶላዎቹን እያየሁ ነበር።

ቀጥሎ ድልድዩን መቱት፤ መሃሉ ብቻ ወንዙ ውስጥ ገባና ሁለቱ ጫፎች ወዲህና ወዲያ ማዶ ተፋጠው ቀሩ። ከዚያ የመብራት ማከፋፈያውን። ለእያንዳንዱ አንድ ቦምብ፣ ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ። ሰው ደግሞ የማይለምደው ነገር የለም። ሳይረኑ ሲጮኽ «ከምን አጠገብ ነን?» ብሎ ዙሪያውን ያይና፣ ከምንም አጠገብ ካልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ሻይ ቤት የሚውሉት ወንዶች ቀጥሎ የሚመታውን እየገመቱ መወራረድ ጀምረው ነበር። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ የቀረው ፓምፑ ነው።

ፓምፑ ወንዙ ዳር ነው ያለው፤ ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ። የወንዙን ውሃ ስቦ፣ አጣርቶ ወደ ከተማው የሚገፋው እሱ ነው። በራሱ ጄኔሬተር ስለሚሠራ መብራት ከጠፋ በኋላም ውሃ አልተቋረጠም። ለሌላው ሰው ፓምፑ ቢመታ ያው ችግር ነው፤ ከወንዝ ይቀዳል፣ ይፈላል፣ ይጠጣል። ለእኔ ግን ፓምፑ ባሌ ነው።

ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ መሪውን ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ተጋድሞ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። «ሁለተኛዋ ሚስቴ ጋ ልሂድ» ይላል ኮቱን እየለበሰ። «እሷ ስትጮኽ ነርስ ትመጣልኛለች፤ አንቺ ስትጮኺ ግን ማንም አይደርስልኝም።» አፉ አያርፍም። ያን የሚያህል ግዙፍ ሰው ሰውነቱ አልቆ ኮቱ ብቻ ቢቀርም ቀልዱ አልቀነሰም ነበር።

ማሽኑ የሚበላው ውሃ ነው። አንድ ሰው ሲታጠብ በርሜል በርሜል ንጹሕ ውሃ ይሄዳል፤ የሆስፒታሉ ማጠራቀሚያ ደግሞ ከአንድ ቀን አያልፍም። ሌላ ማሽን ያለው ከድልድዩ ማዶ ባለው ከተማ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ የለም። አንድ ቀን ነርሷን ኮሪደር ላይ ጠብቄ «ሁለት ሳምንት ባይታጠብ ምን ይሆናል?» አልኳት። እጇ ላይ ያለውን ጓንት ስታወልቅ ቆየች። አወለቀችው፣ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው፣ ከዚያ «አይዞሽ» አለችኝ። መልሱ ገባኝ።

ታናሽ ወንድሜ ጎሚስታ ነው። ሱቁ ከእኔ ቤት ጎን ነው፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ይለጥፋል፤ «ቤተሰቡ በሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን ይኖራል» ይላል ባሌ። መንዳት ያስተማረው፣ ያንን የአየር መሙያ ኮምፕረሰር ከራሱ ጡረታ ላይ የገዛለት ባሌ ነው። ወንድሜ ውለታውን በቃል ተናግሮ አያውቅም። ግን ማሽን ቀን ሲሆን ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ መኪና ይለምንና ወስዶ ያደርሰዋል።

የሠፈራችን ጡረተኛ፣ አየር ኃይል ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ አውሮፕላን ላይ ቦምብ ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የብስክሌታቸውን ከመነዳሪ ሊያስለጥፉ መጥተው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። እኔም ቁልፍ እየተከልኩ ቤቴ በር ላይ ነኝ።

«ቦምቡ እኮ ራሱ ደንቆሮ ነው» አሉ። «አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ ለዓይን የማይታይ ጨረር ያበራል፤ ሌዘር ነው። ቦምቡ አፍንጫው ላይ ዓይን አለው። ያቺን የበራች ነጥብ ብቻ እያየ ይወርዳል። የበር እጀታ ላይ ቢያበሩለት የበሩን እጀታ ይመታልሃል።»

«ነጥቧ ባትታየውስ?» አለ ወንድሜ።

«ደመና ካለ፣ አቧራ፣ ጢስ ካለ አያያትም።»

ወንድሜ ቀዳዳውን ለመፈለግ ከመነዳሪውን ገንዳ ውስጥ ነክሮ ነበር። አረፋው እየወጣ እጁ ባለበት ቆመ። ከሱቁ ጀርባ የአሮጌ ጎማ ክምር አለ፤ ከጣሪያው በላይ የደረሰ። ያን ክምር ሚስቱ እንደ ጣውንት ነው የምትጠላው። «ሰው አገባሁ ስል ጎማ አግብቼ» ትላለች፤ አይጥ ይፈለፈልበታል፣ ትንኝ ይራባበታል፣ ምን የማታወጣለት አቃቂር አለ? ወንድሜ ቀና ብሎ ክምሩን አየ፣ ከዚያ ሜዳውን፣ ከዚያ እኔን። እኔም መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሣሁና ጎማ መግፋት ጀመርኩ።

ሚስቱን እቤት ውስጥ «እመቤቲቱ» እላታለሁ። አሁን ሞተች ብዬ መልአክ አላደርጋትም። ምላሷ ስለት ነበር፤ የሰፋሁላትን ልብስ ሁሉ ገልብጣ ውስጡን ሳታይ ለብሳ አታውቅም። ያን ቀን ግን መጥታ ሜዳው ላይ ስንደረድር አየችና፣ «ጎማው ከጓሮዬ ይውጣልኝ እንጂ እንኳን ጋሼን፣ አገሩን በሙሉ አድኑበት» ብላ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አብራን ገፋች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቆረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ስንስቅ ዋልን።

አውሮፕላኖቹ የሚመጡት ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሳይረኑ እንደጮኸ ወንድሜ ናፍጣ የነከረ ጨርቅ እየለኮሰ ጎማዎቹ ውስጥ ወረወረ። የፓምፑ ሠራተኞች ወጥተው ሸሹ። ያ ጥቁር ጢስ ተነሥቶ ሜዳውን፣ ፓምፑን፣ የእኛን ቤቶች፣ ፀሐይዋን ሸፈነ። ሳል እያጣደፈን አውሮፕላኑን በድምፁ ብቻ ተከተልነው። ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ ሄደ። ጢሱ ሲገፈፍ ፓምፑ እንዳለ ነው። ሰዉ ወንድሜን ተሸከመው። «ጄኔራል!» ይሉታል፤ የሻይ ቤቱ ወንዶች ሲያዩት ብድግ ይላሉ። ባሌ በሁለተኛው ቀን ሄዶ ታጠበ። ሲመለስ «ጎሚስታው አየር ኃይል አባረረ፤ ይኼን ለማን ብትነግሪው ያምንሻል?» እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለተኛ የመጡ ዕለት እኔና ባሌ ሆስፒታል ነበርን። እሱ ሁለት መርፌ ክንዱ ላይ ተሰክቶበት ተጋድሟል፣ እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ እጅጌ እጠልፋለሁ። ሳይረኑን ሰማን። ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ ተርገፈገፈ፤ ፍንዳታው በእኛ ሠፈር በኩል ነው። ዓይኔን ከማሽኑ አልነቀልኩም። ቱቦው ውስጥ ደሙ ይዞራል፣ ከታች ውሃው ይንቆረቆራል። ጠበቅኩ። አልተቋረጠም። ነርሷ ሮጣ በቀጥታ ከከተማው መስመር የሚመጣውን ቧንቧ ከፍታ አየችና «አለ! ውሃው አለ!» አለች። «ተመስገን!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሌሎቹ ታካሚዎችም ተጋድመው «ተመስገን» አሉ።

ሠፈር ስንደርስ ጢሱ ገና አልጠራም። ፓምፑ ቆሟል። የወንድሜ ቤት ግን የለም። አውሮፕላኑ ቦምቡን ሲለቅ ሜዳው ላይ ጢሱ ገና ቀጭን ነበር አሉ፤ ቦምቡ መንገድ ላይ ሳለ ነው ነፋሱ ጢሱን ፓምፑ ላይ የደፋው። እመቤቲቱ ልብስ ለማስገባት ወጥታ ነበር፣ ጥላሸት እንዳይነካባት። ወንድሜ ሜዳው ላይ እጁን አንገቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል፤ ፊቱ በጥላሸት ስለጠቆረ እንባው የወረደበት መንገድ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። «እትዬ» አለኝ። አቅፌው ሳለቅስ እንኳ ጆሮዬን የጄኔሬተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ አገኘሁት። ጠላሁት ያን ጆሮዬን።

ከቀብር መልስ ጡረተኛውን ተጣላኋቸው።

«የተለቀቀ ቦምብ አይመለስም እኮ ልጄ» አሉኝ ቆባቸውን እያሻሹ። «ዓይኑ ሲጠፋበት በያዘው አቅጣጫ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ዒላማው ጋ ሳይደርስ አጥሮ ነው የሚወድቀው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩንም?»

«ጢስ ሲያዩ የማይለቁ መሰለኝ። መጀመሪያ ጊዜ አልለቀቁማ። እኔም እንደናንተው ተስፋ አደረግሁ።»

መብራት ሲጠፋ የስፌት ማሽን ይቆማል። ቦምቡንም እንደዚያ ነበር ያሰብነው፤ ዓይኑን ከያዝንበት የሚቀር። እሳቸው ደግሞ ጎንበስ ብለው ጨመሩልኝ፤ «ብትተዉት ኖሮ ፓምፑን ብቻ ነበር የሚመታው። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ሰው አይሞትም ነበር።» ሰው አይሞትም! ሽማግሌ ባይሆኑ አንገታቸውን በያዝኩ። የእኔ ባል ሰው አይደለም? አብረውት የሚታጠቡት ሰዎች አይደሉም? እነሱ ግን የሚሞቱት ቀስ ብለው፣ አልጋቸው ላይ፣ በየቤታቸው ስለሆነ ማንም ከቦምቡ ጋር አይደምራቸውም።

ለቅሶ ቤቱ የእኔ ቤት ሆነ፤ ወንድሜ ሌላ ቤት የለውማ። ከፈረሰው ቤት አጥር ተጋርታ የምትኖረው ባለ ኪዮስኳ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። አለቀሰች፣ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከእንግዲህ ያ እሳት እንዳይነድ» አለች። «ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ነው። አንድ ክንድ ቢያልፍ እኮ እነሱ ነበሩ።»

«ባሌስ?» አልኳት።

«የአንቺ ባል ባል ነው። የእኔ ልጆች ልጆች አይደሉም?»

ከመጋረጃው ወዲያ ባሌ ተጋድሞ ነበር፤ መተኛቱን እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቀልዱን አቆመ። ሆስፒታል ሲሄድ ስለ ሁለተኛ ሚስቱ አያነሣም፤ ኮቱን ይለብሳል፣ ይወጣል። ቤቱ ጭር አለብኝ። ቢቀልድና ብጮኽበት ምን ነበረበት?

ወንድሜም እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። አንድ ማለዳ ግን ስነሣ ሜዳው ላይ ጎማ እየደረደረ አገኘሁት፤ በፊት ከነበረው እጥፍ። አልከለከልኩትም። አልዋሽም፤ ሳየው ልቤ መለስ አለ። ማታውን ከሩቅ የፍንዳታ ነጎድጓድ ብጤ ሰምተን ነበር፣ ጠዋቱ ደግሞ አንዲት ደመና የለችበትም። እንደሚመጡ ሁላችንም አውቀናል።

ሳይረኑ ጮኸ። የፓምፑ ሠራተኞች በሩን ዘግተው ሮጡ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ጨርቅ ለኮሰና ወረወረ፣ ሁለተኛውን ለኮሰ። ባለ ኪዮስኳ ልጆቿን ፊት ፊት እየነዳች «ኧረ በሕግ! ኧረ በፈጠራችሁ!» እያለች ከሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ትሮጣለች። ያኔ ባሌ ወጣ። ኮቱን ለብሷል። ከፓምፑ አጥር ሥር ካለችው ቦኖ ሄዶ ባልዲ ሞላ።

«ጋሼ፣ ግባ!» አለው ወንድሜ።

«አጥፋው።»

«አላጠፋም። ዛሬ ካላነደድኩ እሷ ለምን ሞተች ታዲያ? በከንቱ ነው የሞተችው በለኛ! እንደሱ ነው የምትለኝ?»

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ባሌ። እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ጎሚስታው» ነው የሚለው። «ነገ የሌላ ሰው ሚስት አፈር ውስጥ ገብታ እኔ ተጋድሜ ደም ላሳጥብ? አንዷን አልቻልኳትም። ሌሊት ሌሊት አብራኝ ነው የምታድረው። ሁለተኛ አትጨምርብኝ።»

ወንድሜ ሦስተኛውን ጨርቅ ሊለኩስ ሲል ክብሪቱ ወደቀበት።

ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ገና ቀጭን ነው። ባሌ ባልዲውን ሊያነሣ ሞከረ፣ አልቻለም። «እባክሽ» አለኝ ዞሮ። «ያዢልኝ።»

«አልይዝም» አልኩት። «ከፈለግህ ሙት፣ በእኔ እጅ ግን አይሆንም። አልይዝም!» እሳቱ እንዲነድ ፈለግሁ። ባለ ኪዮስኳን እያየሁ፣ ልጆቿን እያየሁ፣ እንዲነድ ፈለግሁ። ይኼው ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ጎንበስ አለና ባልዲውን በግራው ያዘ። ግራ ክንዱ መርፌ የሚገባበት ነው፤ ደም ሥሩ ለማሽኑ ተብሎ በኦፕራሲዮን የተሠራ። በዚያ ክንድ ዕቃ እንዳያነሣ፣ እንዳይተኛበት፣ የሰዓት ማሰሪያ እንኳ እንዳያስርበት ነርሷ ስንት ጊዜ አስጠንቅቃናለች። እኔም ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ፤ ዳቦ ይዞ ሲገባ፣ ወንበር ሲስብ። ደም ሥሩ ተወጠረና ሲያብጥ አየሁት።

«በዚያ ክንድ አታንሣ አላልኩህም!» ብዬ ሮጬ ባልዲውን ነጠቅኩት።

ባልዲው እጄ ላይ ቀረ። ከባድ ነው፤ ውሃው እግሬ ላይ ይፈሳል። ባሌ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ዓይን ዓይኔን ያያል። አይለምነኝም፤ ብቻ ያያል። ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ከላይ ያለው ድምፅ እየወፈረ መጣ።

ሄጄ ደፋሁበት። እሳቱ ገና ጨርቁን እንጂ ጎማውን አልያዘም ነበር፤ ትሽ ብሎ ጠፋ። ተመልሼ ቀዳሁ፣ ሁለተኛውንም ደፋሁበት። ሜዳው ጥርት አለ፤ የፓምፑ ግድግዳ፣ የበሩ ቀለም፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወንድሜን በኮሌታው፣ ባሌን በደህናው ክንዱ ይዤ ወደ ቦዩ ሮጥኩና ባለ ኪዮስኳ ጎን በደረታችን ተኛን።

አልሳተም። ከጣሪያው መሃል ገባ፤ መሬቱ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ፤ ከዚያ አቧራና ጠጠር ዘነበብን። ጄኔሬተሩ ዝም አለ። ከቦኖዋ የሚንጠባጠበው ውሃ ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ልጅ የሚጠራ፣ ራሱን የሚዳብስ፣ አቧራውን የሚያራግፍ። የሁሉም ቤት ቆሟል። ከመስታወት መሰበር በቀር ሌላ የደረሰበት የለም። የፓምፑ ሠራተኞች መጥተው ተቆጠሩ፣ ሙሉ ናቸው። ያኔ ሰዉ መተቃቀፍ ጀመረ። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ መሬት ይስማል። ወንድሜ ብቻ ከቦዩ አልወጣም።

ባለ ኪዮስኳ ሦስቱንም ልጆቿን በእጇ ዳስሳ ስትጨርስ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ግራና ቀኝ ሳመችኝ፤ እንባዋ ጉንጬን አረጠበው።

«አንድ ሰው አልሞተም!» ትለኛለች። «አየሽ፣ አንድም ሰው! እጅሽ ይባረክ! እጅሽን ይባርከው!»

ባሌ ከጎኔ ቆሞ ኮቱን እያራገፈ ነበር። «አሜን» ያለላት እሱ ነው።